ከወራሾቹ ዝርዝር ያስቀረነው ወንድማችን

መጥሪያውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። መጋቢት 2014 ዓ.ም. ነው፣ የዐቢይ ጾም ሰሞን። እማዬ ጓሮ ለሽሮ የሚሆን አተር ትቆላለች። አንድ ወጣት በር ላይ ቆሞ «ፈርሚልኝ» አለኝ። ፈረምኩ። ወረቀቱን ገልጬ የአመልካቹን ስም ሳይ እግሬ ከዳኝ።

አመልካቹ ታላቅ ወንድማችን ነው። አባባ እማዬን ከማግባታቸው በፊት ደብረ ብርሃን የወለዱት። ከአምስት ወር በፊት አባባ ሲያርፉ በሌሊት ተነስቶ መጥቶ፣ የሬሳ ሣጥኑን ከፊት በቀኝ በኩል ይዞ ያወጣው እሱ ነበር። ሠልስቱን ከእኛው ጋር ተቀምጧል። እኛ ደግሞ ከአርባው በኋላ ፍርድ ቤት ሄደን «የሟች ልጆች ሦስት ነን» ብለን የወራሽነት ማስረጃ አውጥተናል። የእሱን ስም ሳናነሳ።

ሕግ አልተማርኩም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን ከዚያ መጥሪያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ፍርድ ቤት፣ ወረዳ፣ ባንክና መሬት አስተዳደር ተመላልሻለሁ። በየሰልፉ ያገኘኋቸው ሰዎች ጉዳይ ከእኛ ብዙም አይለይም። ስለዚህ የደረሰብንን፣ ያጠፋነውንም ጭምር፣ እንዳለ ልጽፈው።

ነገሩ የተበላሸው በዝምታ ነው። ሀዘን ቤት ውስጥ ስለ ንብረት ማውራት ነውር ነው። እስከ አርባው ማንም ምንም አላለም። ከአርባው በኋላ ግን እማዬ የባንክ ብር ማንቀሳቀስ አልቻለችም፣ የቤቱ ካርታም በአባባ ስም ነው። አንድ ማታ ተሰብስበን «ወራሽነት እናውጣ» ተባለ። ስም ዝርዝር ሲጻፍ እኔ ነበርኩ እስክሪብቶ የያዝኩት። ወደ ታላቅ ወንድማችን ስም ስደርስ አጎታችን፣ የእማዬ ወንድም፣ «እሱን መጻፍ ምን ያደርጋል? ያደገው እናቱ ጋ ነው። ነገር አታብዙ» አሉ። እማዬ መሬት መሬቱን አየች። ታናሽ ወንድሜ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም ሦስት ስም ጽፌ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ሂደቱ ቀላል ነበር። ያታለለንም ቀላልነቱ ነው። መጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀት ከወረዳው ሲቪል ምዝገባ፣ ሰው አሁንም ወሳኝ ኩነት ከሚለው ቢሮ፣ ይወጣል። ይህን አታዘግዩት። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ካለፈ ተጨማሪ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ላይ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻ ከቃለ መሐላ ጋር አስገባን፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን አያያዝን፣ ከዕድራችን ሁለት ሽማግሌዎች ለምስክርነት ይዘን ቀረብን። ዳኛው አንደኛውን «ሟች ከእነዚህ ሌላ ልጅ አላቸው?» ብለው ጠየቁ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ «እኔ የማውቀው እነዚህን ነው» አሉ።

ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በመሐላ ስር በሐሰት መመስከር በወንጀል ያስጠይቃል። እኛ ጎረቤቶቻችንን፣ የአባባን ጓደኞች፣ እዚያ ውስጥ ከተናል።

መጥሪያው እንደደረሰኝ በማግስቱ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አገኘሁ። ወረቀቱን በፍጥነት አንብቦ «ካጂው» አለኝ። «ልጅ አይደለም በይ። እሱ ያስረዳ። ዲኤንኤ እስኪባል ዓመት ይፈጃል፣ ይሰለቻል።» ሌላ ሰው ደግሞ ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ እየተከፈለው ሊከራከርልኝ ተስማማ። ሁለቱም ልጅ ነው ወይስ አይደለም ብለው አልጠየቁኝም።

በመጨረሻ ወደ አንዲት ጠበቃ ተመራሁ። ከአንድ ባልደረባዋ ጋር የምትሠራ፣ ከአንድ ፎቅ ሦስተኛ ወለል ላይ ባለች ሁለት ጠረጴዛ በምትይዝ ክፍል ውስጥ። ድሮ ጠበቃ በግሉ ብቻ ነበር የሚሠራው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፣ እነሱም በዚያ መሠረት የተጣመሩ ናቸው። ትንሽ ቢሮ መሆኑ ለእኔ ጥሩ ሆነልኝ። ስደውል የምታነሳው ራሷ ናት።

ታሪኩን ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ልጃቸው ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው» አልኳት።

«ታዲያ በምን ልከራከርልሽ?»

ከዚያ ተረጋግታ አስረዳችኝ። የወራሽነት ማስረጃ ማለት ንብረቱ የእናንተ ነው ተብሎ የተፈረደበት ፍርድ አይደለም። ወራሽ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ነው፣ ስህተት ከተገኘበት ይሰረዛል። የተተወው ወራሽ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መሠረት «ያለ እኔ የተሰጠ ውሳኔ መብቴን ነክቷል» ብሎ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። ወንድማችን ያደረገውም ይህንኑ ነው። ከጋብቻ ውጭ መወለድ የሚባል ነገር በውርስ ላይ ልዩነት አያመጣም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቁጥር 842 ላይ የሟች ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው፣ እኩል ይካፈላሉ ይላል። ማን ቤት አደገ፣ ማን አስታመመ የሚል ነገር የለውም።

ይህን ሰምቼ ለመውጣት ስነሳ «ተቀመጪ፣ ሌላም ያልገባሽ ነገር አለ» አለችኝ። «እናትሽ ወራሽ አይደሉም።»

ደነገጥኩ። ከእኔ በላይ ደግሞ እማዬ ማታ ስነግራት ደነገጠች። «አርባ ዓመት ሊሆን ምን ቀረው፣ እንዴት አልወርሰውም?» አለች። በእኛ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን አትወርስም። ይህን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ግን ወዲያው የሚከተለውን አብራችሁ ስሙት። እማዬ ከቤቱ ግማሹ ቀድሞውኑ የራሷ ነው። በቤተሰብ ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ቤታችን ደግሞ አባባና እማዬ ከተጋቡ በኋላ፣ በ1978 ዓ.ም. በማኅበር ተመርተው የሠሩት ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ የአባባ ስም ብቻ መኖሩ ለውጥ አያመጣም። መጀመሪያ የእማዬ ግማሽ ይወጣል። ውርስ የሚባለው የቀረው ግማሽ ብቻ ነው።

እኔ ነገር የሚገባኝ በቁጥር ነው፣ በቁጥር ላስቀምጠው። ባንክ የነበረው 320,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ 160,000 የእማዬ ነው፣ ማንም አይካፈላትም። የቀረው 160,000 ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 40,000 ነው። ቤቱም እንዲሁ። ግማሹ የእማዬ፣ የእኛ ድርሻ አንድ ስምንተኛ አንድ ስምንተኛ። አጎቴ ሲፈሩ የነበሩት «ያ ልጅ መጥቶ እህቴን ከቤቷ ያስወጣታል» ብለው ነው። እህታቸው በራሷ መብት የግማሹ ባለቤት መሆኗን ቢያውቁ ኖሮ ያን ቀን እንደዚያ የሚሉ አይመስለኝም። እኔም ባውቅ ዝም አልልም ነበር።

አጎቴ ግን ቶሎ አልተረቱም። «ኑዛዜ አለ» አሉ። አባባ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ የንስሐ አባታቸውና እሳቸው ባሉበት «ቤቱ የሚስቴና የሦስቱ ልጆቼ ነው» ብለዋል አሉ። ብለው ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም። ጠበቃዋ ግን ራሷን ነቀነቀች። የቃል ኑዛዜ በሕጉ ሁለት ምስክር ይበቃዋል፣ ነገር ግን የሚያገለግለው ለቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች አሳዳሪ ለመሰየምና ለእያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም።

ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ይህን ልብ በሉ። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ብዙ ኑዛዜዎች ፍርድ ቤት ሲደርሱ ይወድቃሉ። ሌላ ሰው የጻፈው ወይም በኮምፒውተር የተተየበ ኑዛዜ ከሆነ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለባቸው። ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ። «ተነበበ» የሚለው ቃል በመጉደሉ ብቻ ኑዛዜ ይፈርሳል። ተናዛዡ ሙሉውን በራሱ እጅ ከጻፈው ምስክር አያስፈልገውም፣ ግን ኑዛዜ መሆኑን ራሱ ጽሑፉ መናገር አለበት፣ ቀንና ፊርማም ይኑረው። እሱም ቢሆን በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይቀራል። እማዬ አሁን ኑዛዜዋን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳ በሥርዓቱ አድርጋለች። ምን እንዳለበት አልጠየቅናትም።

ወደ ክሱ ልመለስ። መልስ ለመስጠት የተቀጠረልን ቀን ሳይደርስ እማዬን ይዤ ለጡረታዋ ጉዳይ ሄድኩ። አባባ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከውርስ ውጭ ነው፣ ለወራሾች አይከፋፈልም። ለተተኪዎች ነው የሚሰጠው፣ ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ። ለዚያ ሚስትነቷን ማስረዳት ነበረባት። እንደ እድል የሰማንያ ወረቀታቸውን እማዬ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣው ኖሯል።

ሠራተኛዋ የአባባን ማኅደር አወጣች። ዳሩ የተበላ፣ በክር የታሰረ። ከሥሩ የሕይወት ታሪክ ቅጹ ነበር፣ አባባ ሥራ ላይ ሳሉ በሰማያዊ ቀለም የሞሉት። የአባባ እጅ ጽሕፈት ወደ ቀኝ የሚያዘነብል፣ «ለ»ውን ረዘም የሚያደርግ ነው፣ ከሩቅ አውቀዋለሁ። «የልጆች ስም» የሚለው ሠንጠረዥ ላይ አራት መስመር ተሞልቷል። ተራ ቁጥር 1፣ የታላቅ ወንድማችን ስም። ከትውልድ ዘመኑና ከእናቱ ስም ጋር። እኔ ተራ ቁጥር 2 ነኝ።

እማዬ ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «ዛሬውኑ ደውይለት» አለች። «እኔ ነኝ የማናግረው።»

በስልክ ያሉትን ሙሉውን አልሰማሁም። እማዬ «ልጄ» ስትል ሰማኋት፣ «አጠፋን» ስትልም ሰማኋት። በሳምንቱ አዲስ አበባ መጣ። ጠበቃዋ ቢሮ ውስጥ ተገናኘን፣ እሱም የራሱን ጠበቃ ይዞ። ስሄድ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «ብሩን አይደለም ያልኩት» አለ። «ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ የአባትህ ልጅ አይደለህም የሚል ወረቀት ሲያወጣብህ እንዴት ትተኛለህ?» መልስ አልነበረኝም። «ጋሼ፣ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንተን የተውኩትም እኔ ነኝ» አልኩት። ይህን ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ አጎቴም ጠበቃም ሊሉልኝ አይችሉም ነበር።

ስምምነቱን በጽሑፍ አድርገን ለፍርድ ቤቱ አቀረብን። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሽማግሌ ታርቃችሁ ጉንጭ ተሳስማችሁ መለያየት ብቻ አይበቃም። መዝገቡ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ማስረጃውም እንደ ተሳሳተ ይኖራል። የእኛ እርቅ በፍርድ ቤት ጸደቀ፣ የቀድሞው የወራሽነት ማስረጃ ተሰረዘ፣ አራታችንንም ያካተተ አዲስ ተሰጠን። ባንስማማ ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። የከተማው ፍርድ ቤት ማስረጃውን እንጂ የንብረት ክርክሩን አያይም። የድርሻ ጸብ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ የሟችን ንብረትና ዕዳ የሚያጣራ ውርስ አጣሪ ይሾማል፣ ንብረት ይገመታል፣ ካልተስማሙ ሐራጅ ይመጣል። ሰልፍ ላይ ያገኘኋቸው ሁለት እህትማማቾች በዚህ መንገድ ስድስተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። እዚያው አግዳሚ ላይ በሁለቱ ጫፍ ይቀመጣሉ።

እንደ ታላቅ ወንድማችን በተተወው ወገን ካላችሁ ደግሞ ጊዜ አታባክኑ። ሌላው ወራሽ ንብረቱን መያዙንና የራሳችሁን መብት ካወቃችሁ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቃችሁ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ማለፍ፣ ሊያግዳችሁ ይችላል። «ወንድሞቼ ናቸው፣ አንድ ቀን ይሰጡኛል» ብሎ መጠበቅ ብዙ ሰው አስቀርቷል።

እዚህ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር። ቀጥሎ የመጣው ቨርጂኒያ ያለችው ታናሽ እህቴ ጉዳይ ነው። ገና ሲጀመር ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ሄዳ ለእኔ ውክልና ሰጥታ ነበር። ውክልናው እንደመጣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጬ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቤ ይዤዋለሁ። እርቁን ስናዘጋጅ ጠበቃዋ አነበበችውና መለሰችልኝ። «በማንኛውም ጉዳይ ሙሉ ወኪል» ይላል፣ በጣም ትልቅ ይመስላል። ግን «ለመታረቅ» አይልም፣ «ድርሻዬን ለመካፈል፣ ለማስተላለፍ» አይልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ለእነዚህ ነገሮች ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። እህቴ እንደገና ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ እንደገና ቀጠሮ ይዛ፣ እንደገና ላከች። ሁለት ወር ሄደብን። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ኤምባሲ ከመሄዳችሁ በፊት ጽሑፉን እዚህ ያለው ጠበቃ ያርቅቅላችሁ። የምትፈቅዱትን ነገር አንድ በአንድ ይዘርዝር። ያልፈቀዳችሁትን ደግሞ እንዳያካትት አንብቡት፣ ምክንያቱም «ለመሸጥ» የሚለው ቃል ከገባ ወኪላችሁ መሸጥ ይችላል።

ከዚያ የስም ነገር መጣ። የአባባ ካርታ ላይ የአያታችን ስም ሙሉው ተጽፏል፣ የአባባ መታወቂያና የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ግን አጥሮ። «ገብረ ሥላሴ» የሚባል ሰው በመንደሩ «ገብሬ» ተብሎ እንደሚቀረው ማለት ነው። ስም ለማዛወር ስንሄድ ባለሙያው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ «ይሄ ሰው ያኛው መሆኑን በምን ልወቅ?» አለኝ። ተናደድኩ፣ ግን እውነቱን ነው። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መጠሪያ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ውሳኔ ለማምጣት እንደገና ምስክር፣ እንደገና ቀጠሮ። ክረምት ገባ፣ ፍርድ ቤት ለእረፍት ተዘጋ፣ ጉዳዩ እስከ ጥቅምት ተንጠለጠለ። ዛሬ ማታ የወላጆቻችሁን ካርታ፣ መታወቂያና የባንክ ደብተር አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተያዩ። ስሙ አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ማስተካከል የቀናት ሥራ ነው።

ስለ ባንኩም አንድ ነገር ልናገር። አባባ ባረፉ ማግስት ታናሽ ወንድሜ በካርዳቸው ለቀብር ብር አውጥቶ ነበር። ክፉ አላሰበም፣ ድንኳንም ሬሳ ሣጥንም መከፈል ነበረበት። ነገር ግን ሰው ካረፈ በኋላ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ብር የወራሾችና የትዳር ጓደኛ ነው፣ በካርድ ማውጣት በኋላ ሌላ ስም ይሰጠዋል። የታላቅ ወንድማችን ጠበቃ መጀመሪያ ያነሳው ይህንን ነበር። ያዳነን እኔ ደረሰኞቹን ሁሉ በአንድ ፖስታ ማስቀመጤ ነው። የቀብር ወጪ በሕጉም ከውርሱ በቅድሚያ የሚከፈል ዕዳ ነው፣ ስለዚህ ደረሰኙን ሲያዩ ተስማሙ። ከላይ የጻፍኩት 320,000 ብር ያ ከወጣ በኋላ የቀረው ነው።

ቤቱን አልሸጥነውም። ታናሽ ወንድሜ «የሁላችሁንም ድርሻ ልግዛ» ብሎ ነበር። ጠበቃዋ ሊዝ አዋጁን አሳየችው። ነባር ይዞታ፣ ማለትም እንደ እኛ ያለ ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ፣ በውርስ ሲተላለፍ እንደ ነባር ይቀጥላል፣ ከውርስ ውጭ በሌላ መንገድ ከተላለፈ ግን መሬቱ ወደ ሊዝ ሥሪት፣ ለተወሰነ ዘመን እየተከፈለበት ወደሚያዝበት ሥርዓት፣ ይገባል። የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 የሚለው ይህንን ነው። ሒሳቡን ሠርቶ ለጊዜው ተወው። ካርታው በእማዬና በአራታችን ስም ወጣ። እማዬ በሕይወት እስካለች ማንም እንዳይሸጥ፣ የሰርቪስ ክፍሎቹ ኪራይ ሙሉ በሙሉ የእሷ እንዲሆን በጽሑፍ ተስማምተናል። ይህን ሐሳብ ያመጣው ታላቅ ወንድማችን ነው።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላችሁ ብትኖሩ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም የነፃ ድጋፍ ማዕከል አለው። ጠበቃ ስትይዙ ደግሞ ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ እውነቱንም ከነነውሩ ንገሩት። እኔ ያቺን «ነው» የምትለዋን ቃል ባላወጣት ኖሮ ዛሬም ቀጠሮ ላይ ነበርን።

ካርታውን በተቀበልንበት ቀን ታላቅ ወንድማችን ከእኛ ጋር ነበር። እማዬ ቤት ምሳ በላ። ከመሄዱ በፊት ወደ ጎን ጠራኝና «አንድ ነገር ልለምንሽ» አለ። «ያቺን የጡረታ ቅጽ። ኮፒዋን ብቻ።» መልስ ስናዘጋጅ ጠበቃዋ ጋ የቀረ አንድ ግልባጭ ነበረኝ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። የደብረ ብርሃን አውቶቡስ እስኪሞላ ቆመን ሳለ ወረቀቱን ገልጦ ተራ ቁጥር 1 ላይ በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ሄደበት። ከዚያ በአራት አጥፎ ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ቁልፉንም ቆለፈ። ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ሲጮህ ነው የተሳፈረው።